አራተኛዋ መርፌ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017

ዛሬ ኮሚቴው ሌላ ኮሚቴ ወለደ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

የሕፃኑ ሙሉ ስም «የሚዲያ አገልግሎት ዘመናዊነት አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ» ነው። በአንድ ትንፋሽ የጨረሰው የለም፤ ሰብሳቢው ራሱ መሐል ላይ ውሃ ጠጣ። ሥራው ግን አጭር ነው፤ የእኔን ማሽን መግደል። «መግደል» አላሉም በእርግጥ። እነሱ የሚሉት «በክብር ማሰናበት» ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በክብር የሚሰናበት ሰው ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ይገዛለታል፣ ጭብጨባ ይደረግለታል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ የሚጠራው ቀብሩ ሲነገር ብቻ ነው።

ለማሽኗ ጋቢም አልታሰበላትም። ማቲ የሚባል፣ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ የከፈተ ወንድም፣ «እንዴት የምታምር ጥንታዊ ዕቃ ናት!» ብሎ የኬክ መደርደሪያ ሊያደርጋት ጠይቋል። ሆድ ዕቃዋን አውጥቶ፣ ከላይ መስታወት ገጥሞ፣ ውስጧን ሚልፎኝ ሊሞላው።

ይህን ደብተር ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ፤ ለወጉ ያህል ግን ማን እንደሆነች ልጻፍ። የድምፅ መቀላቀያ ጠረጴዛ ናት። ከስድሳ ዓመት በፊት በውጭ አገር ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በእጅ የተሠራች ስትሆን፣ እዚያ አረጀች ተብላ ስትጣል ሚስዮናውያን አንሥተው ጉለሌ አመጧት። ቤተ ክርስቲያን በተዘጋባቸው ዓመታት አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በጋቢ ጠቅልሎ መሸመኛው ሥር ደብቋታል። ስምንት መስመር አላት፤ ስምንት ማይክ ይገባባታል፣ አንድ መዝሙር ይወጣል። በየመስመሩ እጅ ሙሉ የሚጨበጥ ጥቁር ክብ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ እንደ ሰዓት ያለች መስኮት፣ በመስኮቷ ውስጥ መርፌ። ሰው ሲዘምር መርፌዋ ትነሣለች፤ ዝም ሲል ትተኛለች። ክዳኗ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ማይክ ጡብ የመሰለ ትራንስፎርመር፣ ከጀርባው ሁለት ሁለት የመስታወት ቫልቭ። ከማይክ የመጣችውን ትንሽ ድምፅ የሚያሳድጉት እነዚህ ናቸው፤ ሲግሉ እንደ ክር የቀጠነ ብርቱካናማ ብርሃን ያወጣሉ። ኃይል የሚሰጣት ከባድ ሣጥን ለብቻው ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል፤ ጉርምርምታው ድምፁን እንዳይበክል ሆን ተብሎ ተለይቷል። ሽማግሌዎቻችንንም እንዲህ አድርጎ የሚለይ በተገኘ።

ሰብሳቢው ከሁለት ዓመት በፊት ክዳኗ ተከፍቶ ያንን ብርሃን ሲያይ «እሳት!» ብሎ ማጥፊያውን ተሸክሞ ሮጦ መጥቷል። ዛሬ በዕጣዋ ላይ የሚፈርደው እሱ ነው።

ፍርዱም ይህ ነው። ነሐሴ 10 ንዑስ ኮሚቴው መጥቶ ያዳምጣል። ድምፁ ንጹሕ ከሆነ የኳየሩ የሃምሳኛ ዓመት መዝሙር ከአዲስ ዓመት በፊት በእሷ ይቀረጻል፣ እሷም ትቆያለች። ካልሆነ ሚልፎኝ።

ይህን ሁሉ ሰብሳቢው ያነበበው በአፍንጫው ነው። የዘንድሮ ሰው መናገር ትቶ ማጉተምተም ይዟል። ሁለት ጊዜ «ምን አልክ?» ብዬ በመጨረሻ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልኩት።

ጸሐይ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የቆመች ሚስቴ፣ ከሆስፒታል አንድ የቀጠሮ ካርድ አምጥታ ሰጠችኝ። ጠንካራ ካርቶን ነው። ለደብተሬ ዕልባት አድርጌዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

መብራት የለም። ዝናብ። ያለ መብራት ማሽን የለም፣ ያለ ማሽን እኔ የለሁም። ቀጨኔ ድረስ በእግሬ ሄጄ በጭቃ ተመለስኩ። በቃ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዛሬ የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠሁ።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሥራ አራት መለዋወጫ ቫልቮች አሉ። በዚህች ከተማ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የአፈታተኑን ሥርዓት ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት ማሽኗን የያዙት ጋሽ ኦላና ናቸው። ቫልቩን መስመሩ ላይ ትተክላለህ። ሄድፎን ታጠልቃለህ። በእርሳስ ጫፍ፣ ላጲስ ባለው በኩል፣ ቀስ ብለህ መታ ታደርገዋለህ። ጤነኛ ከሆነ «ዱብ» ብሎ ያበቃል። ከታመመ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል፤ ከዚያ ወዲያ ለመዝሙር አይሆንም። ሁለት ካርቶን አለ፤ በአንዱ ላይ «የጸደቁ»፣ በሌላው ላይ «የተኮነኑ» ተብሎ ተጽፏል። የእሳቸው ቀልድ ነው። ሚስዮናውያኑ አልሣቁም ይባላል።

ዛሬ አሥራ አራቱም ጸደቁ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ድሮ ከአሥሩ አራቱ ይኮነን ነበር። ቫልቭም ዕድሜ ሲገፋ ይበስላል ማለት ነው።

መሐል ላይ አክሊል ገባ። የሚዲያ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከላፕቶፑ ተለይቶ አይቼው ስለማላውቅ እንዴት እንደተጠመቀ ይገርመኛል። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር። ሰባተኛውን መታ ሳደርግ ፊቱን አጨማደደ።

«ጋሽ ኢታና፣ ይሄኛው... አይጮኽም?»

«የሚጮኸው ስልክህ ነው። አጥፋው።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ጠፍቷል። ይኸው ነው የዛሬ ሰው፤ የጠፋ ስልክ ተሸክሞ ይዞራል።

ጋሽ ኦላና ጋቢያቸውን ተቀብለው የሄዱት በ1985 ነው። ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሽሮ ሜዳ፣ ሀምዳን ዘንድ። በጋቢና በነጠላ ሱቆች መሐል ብቻውን የሬዲዮና የቴፕ ዕቃ የሚሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት የማውቀውና ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰደበኝ ወዳጄ ነው። ሁለት የማይክ መሰኪያ ፈልጌ ነበር። ባንኮኒው ላይ ያለውን ሬዲዮ እንድንሰማው ብዬ ትንሽ ከፍ አደረግኩት።

«ቀንሰው እንጂ ሰውዬ! ገበያተኛ አባረርክብኝ!»

«ሹክሹክታ አልወድም።»

«ሹክሹክታ? ወላሂ የእንጦጦ ጅብ ዜናውን ሰምቶ ገባ!»

ነጠላ የምትመርጥ ሴትዮ ሣቀች። አንድ ሰው ከሣቀለት ሀምዳን አያቆምም።

«አንተ ኢታና፣ ሳወራ አፌ ላይ ነው የምታፈጠው። ምነው፣ ጥርሴን ልትገዛው ነው?»

የእሱን ጥርስ ማንም አይገዛውም። ግማሹ የለም።

መሰኪያው ግን ጥሩ ነው።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

አራተኛዋ መርፌ አመል አወጣች።

ክፍሉ ባዶ፣ ማይኩ ዝግ፣ የሚተነፍስ እንኳ የለም። ሰባቱ መርፌዎች ተኝተዋል። እሷ ግን ከመኝታዋ ሁለት ጭረት ከፍ ብላ ቆማለች። አራተኛው መስመር የኢየሩ ነው፤ የኳየሩ መሪ፣ ብቻዋን የምትዘምረዋ ሴት። ሄድፎን አጠለቅሁ። ጸጥታ። ቫልቩ ደግሞ ሰኔ 28 በገዛ እጄ የተከልኩት ነው። ስለዚህ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም፤ እርጥበት ነው። ክረምት ነው።

ከመስኮቷ በታች መርፌዋን ወደ ዜሮ የምትመልስ ትንሽ ብሎን አለች። ሩብ ዙር አዞርኳት። ተኛች። ሥነ ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ማሽኗን ሳጠፋት ያቺው መርፌ ከዜሮ በታች ወርዳ ጥግ ላይ ተለጠፈች። አንገቷን ደፋች። ትሕትና ነው። ሰብሳቢው ቢያያት ይማርባት ነበር።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ልምምድ። ኢየሩ አራተኛው ማይክ ፊት ቆማ ሁለት ስንኝ ዘመረችና ሄድፎኗን አውልቃ ጆሮዋን አሸች።

«ጋሽ ኢታና፣ የሆነ... እንደ ትንኝ የሚል ነገር አለ።»

«የት?»

«እዚህ ውስጥ። እ... ማለቴ በጣም ቀጭን ናት። እርስዎን አትሰማዎትም?»

ትንኝ! በሐምሌ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት አገር! ቢሆንም የአገልጋይ ቅሬታ ችላ አይባልም። ከግቢው ጥበቃ ፍሊት ተቀብዬ ስቱዲዮውን ከጥግ እስከ ጥግ ረጨሁት። ኳየሩ እየሳለ ተበተነ፤ አልቶዎቹ በበር፣ ቴነሮቹ በመስኮት። ልምምዱ ተሰረዘ። ይህን የመሰለ ቆራጥ እርምጃ ከየትኛውም ኮሚቴ አይቼ አላውቅም።

ኢየሩ ስትወጣ አክሊልን በዓይኗ አነጋገረችው። የወጣቶች ጉዳይ ይሆናል።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ጸሐይ «ዛሬ እኮ ቀጠሮህ ነበር» አለች። የምን ቀጠሮ አልኳት። በጣቷ ዕልባቴን አሳየችኝ። ሥራ እንዳለብኝ ነገርኳት። የሆነ ነገር መለሰች፤ ግን እንደ ልማዷ ለግድግዳው ነው የምትናገረው። ይህች ሴት ሳገባት ድምፅዋ ደወል ነበር። ትዳር ሰውን ያሰልላል።

ቴሌቪዥኑንም ቀነሰችብኝ። «ሙኒያ አመሰገነችህ» አለች፤ ሙኒያ ጎረቤታችን ናት። «የእሷ ቴሌቪዥን ከተበላሸ ወር ሆነው፤ ዜናውን ከእኛ ቤት ነው የምትከታተለው።»

ይህችን በደንብ ሰማኋት። ስድብ ሲሆን ድምፅዋ ይመለሳል።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ማቲ ሜትር ይዞ መጣ። ሰው ገና ሳይሞት ለሣጥኑ ይለካል? ቁመቷን ለካ፣ ወርዷን ለካ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«ጋሼ፣ አምፖሎቹ ይበራሉ አይደል?»

«ቫልቭ ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ ቫልቮቹ። ከኬኩ ሥር ቢበሩ እኮ... ዋው!»

ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ቮልት የሚያልፍበትን ቦታ በእጁ እንዲነካ ልፈቅድለት ለአፍታ ያህል አስቤ ነበር። ማሽኗ እንዳልበራች ትዝ ብሎኝ ተውኩት።


ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ማይኮቹን ልፈትሽ ሄድፎን አጥልቄ ቁልፎቹን ሁሉ እስከ ጫፍ ከፈትኩ። ከመስታወቱ ወዲያ አክሊልና ኢየሩ ሦስተኛው ማይክ አጠገብ ቆመው ያወራሉ። እኔ ሰው አላደምጥም፤ ያደመጠችው ማሽኗ ናት።

«አንቺ ንገሪው። አንቺን ይወድሻል።»

«እኔ? ሞቼ ነው! አንተ አትነግረውም?»

«ምን ብዬ?»

«ምን ታደርገዋለህ፤ ሰውየው ከማሽኑ በፊት ሄዷል። በጣም ነው የሚያሳዝነው።»

«ማሽኑማ ምንም አልሆነም። ነሐሴ 10 ሲመጡ ምን ልንል ነው?»

አክሊል ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፈገግ አለ። እጄን አወዛወዝኩለት።

ስለ ሰብሳቢው ነው የሚያወሩት፤ ግልጽ ነው። እውነታቸውን ነው፣ ያሳዝናል። ለወጣቶቹ የነበረኝ ግምት አንድ ጭረት ከፍ አለ።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። በእሷ በኩል ሲመጣ የሰው ንግግር ቃል በቃል ይሰማኛል፤ ማንም አያጉተመትምም። ይህችን ነው ኬክ የሚሞሏት!


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ነገ ነው። አራተኛዋ እንደገና ተነሣች። ብሎኗን ሌላ ሩብ ዙር። ክራቫት ጠፋ። ተገኘ። ጸሐይ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ጸለየች፤ ስለ ምን እንደጸለየች አልጠየቅኳትም። ስምንቱም ተኝተዋል። ስምንቱም ተኝተዋል። ምን አስጨነቀኝ?


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

አምስት ሆነው መጡ። አምስት ሱፍ፣ አምስት ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ እስኪርቢቶ። ከፊት ወንበር ተደረደሩ። ማሽኗን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ አሙቄያት ነበር። ኢየሩ አራተኛው ማይክ ፊት ቆመች። ቁልፉን ከፈትኩ።

ዘመረች። እኔ በሕይወቴ እንዲህ የለሰለሰ፣ እንዲህ የሞቀ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ኮሚቴው ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል። አንዷ ግንባሯን ይዛለች። ሰብሳቢው ሁለት ጣቱን ጆሮው ውስጥ አስገብቷል። ልባቸው ተነክቷል ብዬ አሰብኩ።

«ይህ ፉጨት ምንድን ነው?» አለ ሰብሳቢው። ይህን ጊዜ አላጉተመተመም።

«የምን ፉጨት?» አልኩ።

ኢየሩ ጫማዋን አየች። ሰብሳቢው እስኪርቢቶውን አነሣ። የሚጽፈውን ከሩቅ ማንበብ ይቻል ነበር፤ አራት ፊደል ነው፣ የመጨረሻው «ኝ»።

ከኋላ አክሊል ተነሣ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «ገመዱ ነው። የአራተኛውን ማይክ ገመድ ትናንት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ነው የሰካሁት። ጋሽ ኢታና አያውቁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሰብሳቢው ስለ ትጋትና ስለ ታማኝነት አሥር ደቂቃ ወቀሰው። ከዚያ እስከ ነሐሴ 24 ጊዜ ተሰጠን።

እስቲ አሁን ይህ ሰው ምን ይባላል? የሚዲያ ክፍል ኃላፊ! ገመድ መፈተሽ የማያውቅ! አንድ ገመድ፣ ሁለት ጫፍ! ስድሳ ዓመት የኖረችን ማሽን በአንድ ሜዳ ላይ የተጣለ ሽቦ ሊያስገድላት! ሰው ፊት አልተናገርኩትም፤ ታላቅነት ነው። ገመዱን ግን ነቅዬ ለማስረጃ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ።


ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ገመዱን በቴስተር ለካሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጤነኛ። አጠፍኩት፣ ጎተትኩት፣ ረገጥኩት። ጤነኛ። እንዲያውም በግቢው ካሉት ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

እንግዲህ አክሊል ያን ያለው ገመድ ስለማያውቅ አይደለም።

ጋሽ ኦላና። እሺ፣ ልጻፈው። በ1985 መጀመሪያ ላይ አንድ ቅጂ ተበላሸ፤ ጫፉ ላይ ፉጨት ነበረበት። ሽማግሌዎቹ ጠሩን። እሳቸው «ምንም የለም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እኔም ከሁሉ በላይ አውቅ ነበር። «አይሰሙም እኮ» አልኩ። «ቆይቷል።» ጥርት አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ የድሮ ሰው አያጉተመትምም። በሳምንቱ ጋቢው ተገዛ። ሲያለብሷቸው ያጨበጨብኩት ከፊት ረድፍ ሆኜ ነው።

ገመዱ ነው አላልኩም። ገመዱ ነው ማለት እንደሚቻልም አላሰብኩም።

አክሊልን ጠላሁት። ገመዱንም። እራት ይቅር።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ቁም ሣጥኑ ሥር አንዲት የድምፅ መፈተሻ ሣጥን አለች። ቁልፏን ስታዞር ከወፍራም ወደ ቀጭን እየወጣች ታፏጫለች፤ የድምፁ ቁጥር ፊቷ ላይ ተጽፏል። በማሽኗ በኩል አድርጌ ሄድፎን አጠለቅሁ። አንድ ሺህ፣ አለ። ሁለት ሺህ፣ አለ። ሦስት ሺህ፣ ራቀ። አራት ሺህ ላይ ሣጥኗ ተበላሸች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ምንም።

ቀና አልኩ። መርፌዋ ቆማለች።

የተበላሸ ሣጥን መርፌ አያቆምም። ይህን ለአክሊል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በባትሪ ስለምትሠራ ፌስታል ውስጥ ከትቼ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ወሰድኳት። የሀምዳን ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኳት። ምንም ሳልነግረው ስምንት ሺህ ላይ ለቀቅኳትና ፊቱን አየሁ።

ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ከደነ። ማዶ በረንዳ ላይ የተኛ ውሻ ተነሣ። ነጠላ ሻጯ ከመጋረጃዋ ብቅ አለች።

«አጥፋው! አጥፋው አቦ! ምን ነካህ?»

አጠፋሁት። ሀምዳን ሊሰድበኝ አፉን ከፈተ። አየኝ። ሣጥኗን አየ። እንደገና አየኝ። አፉን ዘጋ። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በርጩማ በእግሩ ገፋልኝና «ተቀመጥ» አለኝ።

ሳይሰድበኝ መቅረቱ ነው የከበደኝ።

ሣጥኗ ደህና ናት።


ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ማንም ልብ አላለም፤ ሲያጉተመትሙ ስለማልመልስላቸው ለምደውታል።

ዛሬ ጠዋት ስቱዲዮውን ከውስጥ ቆለፍኩ። በመጀመሪያ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት፣ ሁለቱንም ሩብ ዙር። አራተኛዋ መርፌ ቀጥ ብላ ቆመች። ከሐምሌ 19 ጀምሮ ወር ሙሉ ስትነግረኝ ነበር፤ እኔ አንገቷን ጠመዘዝኩ። ትሕትና ነው ብዬም ጽፌያለሁ። ገጹን ልቀደው ነበር፤ ተውኩት፤ የጻፈው ደደብ ይታወቅ።

ሰኔ 28 የተከልኩትን ቫልቭ ነቀልኩ። ተኛች። የኢየሩን ትንኝ ያመጣኋት እኔ ነበርኩ፤ ፍሊቱንም የረጨሁት እኔው።

ከዚያ አሥራ አራቱን ጻድቃን ለዳግም ፍርድ ጠራኋቸው። ሄድፎኑን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። በእርሳስ መታ፣ ዓይን መርፌዋ ላይ። ጤነኛው ሲነካ መርፌዋ ዘላ ትመለሳለች። የታመመው ሲነካ ቶሎ አትመለስም፤ እየተንቀጠቀጠች፣ እያመነታች ነው የምትወርደው። ዘጠኙ ተኮነኑ። አምስት ቀሩ። ከአምስቱ አንዱን አራተኛው መስመር ላይ ተከልኩ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በጆሮዬ የሠራሁትን በዓይኔ ለመሥራት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። እርሳሱ የጋሽ ኦላና ነው። ላጲሱ አልቆ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቷል።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

አምስቱ መጡ። ማቲም መጣ፤ ሜትሩ ከኪሱ ይታያል።

ኢየሩ ዘመረች። እኔ እሷን አላየሁም፣ ኮሚቴውንም አላየሁም። ያየሁት መርፌዋን ነው። ስትዘምር ተነሣች፤ ስትጨርስ እንደ ሕፃን ተኛች። ግንባሩን የያዘ የለም። ጣቱን ጆሮው ውስጥ የከተተ የለም። ሰብሳቢው ቅር አለው፤ ጥፋት ያላገኘ ኮሚቴ ምን ይጽፋል?

«መልካም» አለ። «እንግዲህ ገመዱ ነበር ማለት ነው። በቃለ ጉባኤው ይያዝ፤ በወንድም አክሊል ቸልተኝነት...»

አክሊል መሬት መሬቱን አየ። ዝም ማለቱ አናደደኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሙያ ማን ሰጠው?

«ገመዱ አይደለም» አልኩ። «ገመዱ ቤቴ ነው ያለው፣ ጤነኛ ነው። ቫልቭ ነበር። የተከልኩት እኔ ነኝ። ሲጮኽ አልሰማሁትም። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ቆይቷል።»



ሰብሳቢው ፊቱ በራ። ማሽን መግደል አቅቶት የነበረ ሰው፣ ሰው አገኘ። «ወንድም ኢታና፣ ስለ ግልጽነትዎ ጌታ ይባርክዎት። እንግዲያውስ እርስዎን በክብር...»

«ማን ይከፍተዋል?» አለች ኢየሩ።

«ምን አልሽ?»

«ማሽኑን። በክረምት መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ቫልቭ ሲሞት፣ ክዳኑን ማን ይከፍተዋል? እርስዎማ ብርሃኑን ሲያዩ ማጥፊያ ነው የሚያነሡት።»

አምስቱም ሣቁ፤ ሰብሳቢውም ሳይወድ በግድ። አክሊል ያኔ ነው ቀና ያለው። «እኔ እሰማለሁ» አለ፣ «እሳቸው ይሠራሉ። እኔ ቫልቭ ከቫልቭ አልለይም፤ አምፖል ነበር የምለው።»

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ ማሽኗ ትቆያለች፤ መዝሙሩ በእሷ ይቀረጻል፤ ወንድም ኢታና እስከ ቅጂው ፍጻሜ ይሠራሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው «ወደፊት ይታያል»። ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸውም ጋቢ ይገዛ። አምስቱም እጅ አወጡ። ማቲ ሜትሩን ወደ ኪሱ ገፋው።

ከበሩ ላይ አክሊልን ያዝኩት። ምን ልለው እንደነበር አላውቅም።

«ገመድ ሳትፈትሽ አትስካ» አልኩት።

«እሺ፣ ጋሽ ኢታና» አለኝ።


ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ቅጂ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ።

ጋቢው ትናንት መጣ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ምርጫው የኮሚቴ ነው፣ ሌላ ምን ይጠበቃል። አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሣን። ዛሬ ሥራ ስንጨርስ ማሽኗን ሸፈንኩባት። ከአቧራም ከእርጥበትም ይጠብቃታል፤ ጋቢ ለብሳ መቆየትን ደግሞ ከሁላችንም በፊት ታውቅበታለች።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አክሊል ሄድፎን አጥልቆ በቀኜ ይቀመጣል። ቀጭን ነገር ሲሰማ አንድ ጣት ያነሣል። እኔ መርፌ አያለሁ፣ ቁልፍ አዞራለሁ። ቀኑን ሙሉ ጣቱን ሁለት ጊዜ አነሣ። አንዴ እውነት ነበር። አንዴ አፍንጫውን ሊያክ ነበር፤ ሙሉ ስንኝ ደግመን ቀረጽን።

በመጨረሻው መዝሙር ኢየሩ ከፍ ወዳለው ጫፍ ወጣች። እዚያ ላይ እኔ የለሁም። አራተኛዋ መርፌ ግን ሄደች፣ ሄደች፣ ቀዩ መስመር ጋ ደርሳ ሳትነካው ቆመች፣ ቀስ ብላ ተመለሰች። አክሊል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሞኝ! እንዲህ ያለ መርፌ ፊቱ እያለ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል?

ጸሐይ ለነገ ጠዋት ሌላ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ አስያዘች። አዲስ ካርድ አልሰጡም፤ በዚያው ላይ የሐምሌውን ቀን ሰርዘው የነገውን ጽፈውበታል። ስለዚህ ዕልባቴን ይዤ መሄድ አለብኝ።

የዚህን ገጽ ጫፍ አጠፍኩት።